ዓይን ያለው እንጀራና የባሌዋ ቀይ ቀበሮ

ባለፈው ልጆቹን ይዤ ከቤርሼባ ኢላት (የእስራኤል የቀይ ባህር ዳርቻ ከተማ) ወርደን ነበር፣ ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) አድርገን ጥልቀት በሌለው ውሃ ስንሳፈፍ ከስሬ ያለው አሸዋ ብድግ ብሎ ሄደ። እውነቴን ነው አሸዋው ሄደ! ለካ ስቲንግሬይ የሚሏት ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፣ ያቺ ጀርባዋ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያላት የቀይ ባህሯ። ትልቋ ልጄ ከውሃው ብቅ ብላ "እማ፣ ዓይን ያለው እንጀራ!" አለችኝ፣ በሳቅ ጨው ውሃ ጠጣሁ።

እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለችኝ ቀይ ቀበሮ ናት (ሳይንቲስቶቹ ተኩላ ናት ይላሉ፣ እኛ ግን ቀበሮ ብለን ለምደናል)። የዛሬ ስንት ዓመት ባሌ ተራሮች፣ ሳኔቲ አምባ ላይ፣ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ ብርዱ አጥንት እየሰበረን፣ ከመኪናው ሳንወርድ ነው ያየናት። ሁለት እርምጃ ትሄድና ቆም፣ ጆሮዋን ወደ መሬት ዘንበል፣ ደግሞ ሁለት እርምጃ። ፍልፈል እየጠበቀች ነው። ዘለለች፣ ሳተችው፣ አፈሩን ስትቆፍር ቆይታ አፍንጫዋን ጭቃ አልብሳ ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደች።

ስቲንግሬይዋም ሥራዋ ያው ነው፣ አሸዋ ውስጥ የተደበቀ ሸርጣንና ትል ማደን። ችግሩ ዓይኗ ከላይ አፏ ከታች ስለሆነ የምትበላውን አታየውም፣ ስለዚህ ከእንስሳው ሰውነት የሚወጣውን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ አፏ አካባቢ ባሉ ቀዳዳዎች ታውቀዋለች። ቀበሮዋ በጆሮ፣ ይቺ በኤሌክትሪክ! ደሞ የሚገርመው ብዙ የስቲንግሬይ ዓይነቶች ራሳቸውም እንደ ፍልፈል ናቸው፣ አሸዋ ለብሰው ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ይተኛሉ፣ ከዓይናቸው ኋላ ባለ ቀዳዳ ውሃ እየሳቡ ይተነፍሳሉ፣ አሸዋ እንዳይገባባቸው።

ሰው የሚፈራው ጭራዋን ነው፣ መርዝ ያለው እሾህ አላት፣ ግን ካልረገጥካት አብዛኛውን ጊዜ አትነካህም። እግርህን ሳታነሳ አሸዋው ላይ እየጎተትክ ከሄድክ ሰምታህ ትሸሻለች። ቀበሮዋ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ የምትፈራው እኛን መሆን ነበረበት፤ ከ500 የማይበልጡ ናቸው የቀሩት፣ እነሱንም ከመንደር ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ይፈጃቸዋል።

ይሄን ሁሉ ለልጄ ሳወራላት ቆይቼ፣ "እና ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?" አትለኝም! አንዷ ባህር ውስጥ፣ አንዷ ከ3000 ሜትር በታች እምብዛም የማትወርድ፣ የት ይገናኛሉ ብላት "እሺ ግን ቢገናኙስ?" ዝም ብዬ ጀርባዋን ሰንስክሪን ቀባኋት፣ እሷም እግሯን አሸዋው ላይ እየጎተተች ተመልሳ ገባች።