የቬርሜርን ፊት በድሬዳዋ ሙቀት መገልበጥ፦ ሦስተኛው ሽፋን

በዘይት ቀለም የምንሠራው ቅጂ ሦስተኛው የቀለም ሽፋን ላይ ደርሷል። የሚገለበጠው የኔዘርላንድሱ ሠዓሊ ዮሐነስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 አካባቢ የሳላት፣ ዛሬ ሄግ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ያለችው ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ ናት። አንድ ፊት፣ አንድ ሻሽ፣ ጨለማ ጀርባ፤ ጀማሪን የሚያስለቅሰው እጅ የለበትም።

መጠኑ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ነው። 45 በ40 ሸራ ከወጠራችሁ ምስሉን አትለጥጡት፤ ትርፉ ጀርባው ላይ ይቅር። ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አሳትማችሁ በ3 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሉት፣ ሸራውንም እንደዚያው በቀጭን ከሰል።

የመጀመሪያው ሽፋን በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ ቀለም) በተርፐንታይን (ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚያርፍበትን በጨርቅ እየጠረጋችሁ ታወጣላችሁ። ሁለተኛው አምበርና ነጭ። ጥላው እዚህ ካልተስተካከለ ቀለም አያድነውም። የተልባ ዘይት የሚገባው ከሦስተኛው ጀምሮ፣ በጠብታ ነው። ከወጥ ቤት የመጣ ዘይት አይሆንም፤ የፓልም ዘይት ጭራሽ አይደርቅም።

ድሬ ላይ ብዙ ቅጂ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀትር ላይ ተርፐንታይኑ ቶሎ ይተንና ቀለሙ ብሩሹን ይይዛል፤ ሰውም ለማላላት ዘይት ይጨምራል። ታች ያለው ሽፋን ከላዩ ይልቅ ዘይት ከበዛበት፣ የላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት መሥራት ነው። ሙቀቱም ያታልላል፦ ላዩ ቆዳ ያበጅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ጫፉን በጥፍር ጫን በሉት፤ ከሰረጎደ ቆዩ። አምበር ቶሎ ይደርቃል፣ አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ቀለም ግን ይዘገያል። ሐረር ብርድ ስለሚበረታ የመድረቂያውን ቀን አርዝሙት። አቧራ ሲነሳ ሸራው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙር።

አፍንጫው ላይ ሁሉም መስመር ያሰምራል። ቬርሜር ግን በግራ በምናየው በኩል አፍንጫውንና ጉንጩን በመስመር አልለያቸውም፤ አንድ ሥጋ ሆነው ይዋሃዳሉ። ሁለቱን በአንድ ቅልቅል ቀብታችሁ ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ አጥፉት። ዕንቁውም ክብ ተሥሎ አይሞላም፦ ከላይ አንድ ወፍራም ነጭ ነጥብ፣ ከታች የአንገትጌው ለስላሳ ነጸብራቅ፣ ሌላው ጥላ ብቻ። ጆሮ ላይ የሚያንጠለጥለው ሽቦ እንኳ የለም።

ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ ይነዳል። ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ይቀመጥ።

ቀጣዩ ጀርባው ነው። አሁን ጥቁር ቢመስልም በመጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፤ ስለዚህ ጨለማው በደንብ ሲደርቅ ስስ አረንጓዴ በላዩ ይደረባል።