ሳፋሪኮም ረከሰ ወይስ ገና ይወርዳል?

«አርኤስአዩ ከ30 በታች ነው፣ ልግዛ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አርኤስአይ የአክሲዮን ዋጋ አወጣጥና አወራረድን ከ0 እስከ 100 የምትለካ ቁጥር ናት፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቃት ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን የዋጋ ጭማሪና ቅናሽን ታወዳድራለች። ከ70 ካለፈች አክሲዮኑ ከልክ በላይ ተገዝቷል፣ ከ30 ከወረደች ከልክ በላይ ተሽጧል ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን የኬንያውን የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮምን እዩት። በ2008 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑ በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ተሸጠ፣ በ2021 ወደ 45 ሽልንግ ተጠጋ፣ ከዚያ የአሜሪካ ወለድ ሲጨምርና ሽልንጉ ሲዳከም የውጭ ባለሀብቶች እየሸጡ ወጡ፣ እኛ አገር የኔትወርክ ዝርጋታውም ገንዘብ በላ፣ በ2023 ከ15 ሽልንግ በታች ወረደ። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ «ረክሷል» ብሎ መግባት የሚወድቅ ቢላዋ እንደ መቅለብ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ዋጋው ካለፉት 200 ቀናት አማካይ ዋጋው በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ነው። በታች ከሆነ 30ዋን ብዙም አላምናትም። ከዚያ ዕዳውንና የትርፍ ድርሻውን አያለሁ።

ለኢትዮ ቴሌኮምስ? አክሲዮኑ በ300 ብር ሲሸጥልን ዋጋው ቁርጥ ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ዋጋ ደግሞ አርኤስአይ የለውም።