ኪዳነ ምሕረት አፌን ከፈተችልኝ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የስለት ዕዳ አለብኝና ስሙኝ።

መምህርት ነኝ፤ አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ቁልፍ ማዞር፣ የልጄን ጫማ ማሰር አቃተኝ። ረፈድ እስኪል እጄ አይታጠፍም። አንዱ ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ። ሌላው «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አለኝ። በመጨረሻ ተመርምሬ ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑ ታወቀ። ሥጋ በመብላት የመጣ አይደለም። ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ ነው።

ሕመሙንስ ቻልኩት። ያቃተኝ ድካሙ ነው። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ስነሳ ሌሊቱን ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። እብጠት ይታያል፤ ድካም ግን ማን ያየዋል? ሐኪሜ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ብግነቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መቆጣት፣ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል፤ የደም ማነስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እኔ ግን ስንፍና መሰለኝ። አፍሬ ደበቅሁት። ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ እንዳላየሁ ሆኜ በቃሌ እቀጥላለሁ። በእረፍት ሰዓት ባዶ ክፍል ገብቼ ዴስክ ላይ እደፋለሁ።

መድኃኒት ጀመርኩ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ አደገኛ ነው፣ እባካችሁ ልብ በሉ። እኔ ዓርብ ማታ እወስደዋለሁ፤ ማቅለሽለሹ ቅዳሜ ያልፍልኛል። ጠበሉንም ኪኒኑንም አልተውኩም።

በየወሩ በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እየሄድኩ «ይህን ድካም አንሺልኝ፤ ጥላ አስገባለሁ፣ በአደባባይም እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አንድ ቀን ጠበል ልቀዳበት የያዝኩትን ሃይላንድ ለመክፈት ታገልኩ። ክዳኑ እምቢ አለ። በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ሞከርኩ፤ በጥርሴም ሞከርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲያዩኝ ቆዩና ተቀብለውኝ ጠምዘዝ አድርገው ከፈቱት።

«የኔ ልጅ፣ ታዲያ ‹ክፈቱልኝ› አትይም?»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የክዳኑ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው እንኳ «አቃተኝ» ብዬ አላውቅም። የለመንኳት መልስ በእኚያ እናት አፍ መጣልኝ። ያኔም አመንኩ፣ ዛሬም አምናለሁ።

ሰኞ ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገባሁ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነገርኳቸው፤ የሐኪም ማስረጃዬንም አሳየኋቸው። ምንም ሳይሉ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተነሳልኝ። ሦስተኛ ፎቅ የነበረው ክፍሌ ወደ ምድር ወረደ። ቦርድ ላይ የሚጽፈው የክፍል አለቃው ሆነ፤ እኔ ተቀምጬ አስረዳለሁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ካስተማርኩ በኋላ አንዱን ዐርፋለሁ። አሁን ጠመኔ ሲወድቅ ልጆቹ ይሽቀዳደማሉ።

መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ሠራልኝ። ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም፤ ሲነሳብኝ የምተኛበት ቀን አለ። ግን ሥራዬን አልለቀቅኩም። ማታም ልጄን የቤት ሥራ የማሠራበት ጉልበት ይተርፈኛል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስለቀሰኝ ይህን መነጠቄ ነበር።

ጥላውን የካቲት 16 አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ቀርቶብኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ከፈልኩ። እመቤቴ፣ ክብር ምስጋና ለልጅሽ ይሁን።