ቢኤንዲን ነቅዬ ቦታውን ተውኩት

ሰሞኑን ኮድ እየነቀልኩ ነው። የሚነቀለው ኤምፒኤክስ የሚባለው፣ ፕሮግራም ከሜሞሪ ወሰኑ እንዳያልፍ የሚጠብቀው የኢንቴል ፕሮሰሰር ነገር ነው። ቡድናችን ለራሱ ሰርቨሮች የሚጠቀምበት ትንሽ ዲበገር፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት ማደኛ መሣሪያ አለው፤ የሬጅስተሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ክፍል እኔ ጋር ነው። ታዋቂው ዲበገር ጂዲቢ በ2024 በወጣው 15ኛ እትሙ ኤምፒኤክስን ሊያሰናብት መሆኑን አስታወቀ፤ በ2025 በ16ኛው አሰናበተው። አሁን ተራው የእኛ ነው።

ደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ላይ እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። ጠዋት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ደርቤ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምሠራው። ሞቃት ከተማ ሆኜ የማማርረው የላፕቶፕ ሙቀት እዚህ በረከት ነው። ኮምፓይል የሚደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀየር) ኮድ ባይኖርም አስደርገዋለሁ።

ኤምፒኤክስን ሰው ሲያማው እሰማለሁ። ሐሳቡ ግን መጥፎ አልነበረም። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ከተመደበለት ሜሞሪ አልፎ ቢጽፍ ሃይ የሚለው የለም። ኢንቴል ይህን በፕሮሰሰሩ በራሱ ልቆጣጠር ብሎ ተነሳ። በ2015 ስካይሌክ ከተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ጋር አራት ሬጅስተሮች መጡ፤ ከቢኤንዲ0 እስከ ቢኤንዲ3። እያንዳንዱ 128 ቢት ነው። ግማሹ የታችኛውን ወሰን ይይዛል፣ ግማሹ የላይኛውን። ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው) ከወሰኑ ሲወጣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል።

ግን አራት ሬጅስተር ለስንት ፖይንተር ይበቃል? የተረፈው ወሰን ሜሞሪ ውስጥ ሰንጠረዥ ላይ ይቀመጣል። ሰንጠረዡ ሜሞሪ ይበላል፣ ፕሮግራሙን ያንቀራፍፋል፣ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ባለበትም አያስተማምንም። ሰዉም ይህንኑ ስህተት በሶፍትዌር የሚይዘውን አድሬስ ሳኒታይዘርን መረጠ፤ እሱ ልዩ ሃርድዌር አይፈልግም። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ በ2015 የተቀበለውን በ2019 በ9ኛ እትሙ አስወጣ። ሊኑክስ ከርነልም በ2020 በ5.6 ላይ ተሰናበተው። አምስት ዓመት። ለትዳር እንኳ አጭር ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ እስኪያገኝ እኔ ጋር ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ለምን ጠራርገህ አታጠፋውም?»

«እስቲ አንተ አጥፋውና እንየው» አልኩት። የራሱን ብራንች (የኮዱን ቅጂ) ከፈተና ኤምፒኤክስ የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ጠረገ። ኮዱ ያለምንም ቅሬታ ኮምፓይል ሆነ። ደስ አለው። ከዚያ ከአንድ አሮጌ ስካይሌክ ማሽን የቀረ ኮር ፋይል ሰጠሁት።

ፕሮግራም ሲወድቅ የሬጅስተሮቹ ይዘት ኤክስሴቭ በሚባል አቀማመጥ ኮር ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። በዚያ ማሽን ላይ ከ960ኛው ባይት ጀምሮ ያለው 128 ባይት የኤምፒኤክስ ነው፤ 64ቱ የአራቱ ቢኤንዲዎች፣ 64ቱ የቅንብሩና የሁኔታው። የኤቪኤክስ 512 (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰላው የፕሮሰሰር ክፍል) ማስክ ሬጅስተሮች፣ ማለትም ኬ0 እና ወንድሞቹ፣ ከ1088 ይጀምራሉ። ልጁ 128ቱን ባይት ከሂሳቡ ሲያወጣ ከኋላ ያለው ሁሉ ወደፊት ተንሸራተተ። ዲበገሩ ኬ0ን ከ960 ላይ አነበበ።

ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ማስክ አይመስልም። የስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ነገር የሚያኖርበት ሜሞሪ) አድራሻ ነው የሚመስለው። ኬ1 ደግሞ ከፊቱ ኤፍ ኤፍ ኤፍ ኤፍ ተደርድሮበት ነበር። ልጁ ትክ ብሎ አየው። የኢንቴልን ማኑዋል አውጥቼ አሳየሁት፦ ቢኤንዲ የላይኛውን ወሰን የሚያስቀምጠው ቢቶቹን ገልብጦ ነው። የተገለበጠ የስታክ አድራሻ ደግሞ በኤፍ ይጀምራል። ኬ0 የቢኤንዲ0ን የታች ወሰን፣ ኬ1 የላዩን ለብሰው ቁጭ ብለዋል። የሚያናድደው፣ ዲበገሩ አንዳችም ስህተት አለ አላለም። በሙሉ ልብ ነው የዋሸው።

«እና 128ቱን ባይት ምን እናድርገው?»

«ዝለለው። ማን እንደነበረበት አትጠይቅ፣ ግን ዝለለው።»

ሰፈራችን ውስጥ ለመንገድ ተብሎ የፈረሰ ቤት አለ። የጎረቤቶቹ የቤት ቁጥር ግን ባለበት ነው። ቢሸጋሸግ ኖሮ የውሃ ቢሉም መጥሪያውም ሌላ ሰው ቤት ይገባ ነበር። የእኛ ሬጅስተር ቁጥሮችም እንደዚያው ናቸው። ዲበገሩ ከሰርቨሮቹ ጋር የሚነጋገረው በቁጥር ነው። ስድስቱን የኤምፒኤክስ ቁጥሮች «የተያዘ» ብዬ ተውኳቸው። ሰርቨሮቹ ላይ ያለው የድሮ ወኪል ፕሮግራም ደግሞ ሲገናኝ የሬጅስተሮቹን ዝርዝር ይልካል፤ ቢኤንዲም ከነስሙ አለበት። አላውቅህም ብሎ ግንኙነቱን ማቋረጥ ነውር ነው። ዲበገራችን ስሙንና ቁጥሩን እንዳለ ያሳያል፣ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም።

ሰዎች የጻፏቸው ስክሪፕቶችም አሉ። አንዳንዱ ቢኤንዲ0ን ይጠይቃል፣ ለምን እንደሚጠይቅ ጸሐፊው ራሱ ረስቶታል። ባዶ መልስ እንዲያገኝና እንዲቀጥል አደረግኩት። የወሰን ሰንጠረዡን የምታሳየዋን ትእዛዝ ግን ያለ ርኅራኄ ቆረጥኳት። ያንን የሚፈልግ የድሮውን እትም ይጠቀም።

የማሽን ኮድን ወደሚነበብ ትእዛዝ የሚመልሰውን ዲስአሴምብለር አልነካሁትም። እዚህ ላይ ልጁ ተከራከረኝ። ነገሩ ግን ቀላል ነው፦ የኤምፒኤክስ ትእዛዞች ድጋፉ በሌለበት ፕሮሰሰር ላይ ምንም ሳይሠሩ እንዲያልፉ ተደርገው ነው የተቀረጹት። ስለዚህ የድሮ ፋይሎች ዛሬም ይሮጣሉ። ደግሞ ኡቡንቱ 22.04 ላይ አንድ ተራ ፕሮግራም ከፍተህ ብታይ፣ ከላይብረሪ ጥሪዎቹ ጎን «ቢኤንዲ ጃምፕ» የሚል ታገኛለህ። ኤምፒኤክስን በሕይወቱ ያልነካ ፕሮግራም ውስጥ! «ቢኤንዲ» የሚለው ቅድመ ቅጥያ የፕሮግራሙን ክፍሎች በሚያገጣጥመው በሊንከሩ በኩል ገብቶ ቀርቷል። ብንሰርዘው ዲበገሩ የየዕለት ፕሮግራሞችን ማንበብ ያቅተዋል።

አከራዬ ቡና ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ ዛሬም ስታፈርስ ዋልክ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ግን አጥሩን አልነካሁም» አልኳቸው። «ከመንግሥት ትሻላለህ» ብለው ሳቁ።

ማታ ላይ ያላሰብኩት ወጣ። የእኛ ዲበገር ኮር ፋይሉ የኢንቴል ይሁን የተፎካካሪው የኤኤምዲ የሚለየው ኤምፒኤክስ መብራቱን የሚናገሩትን ቢቶች አይቶ ነው! የጻፈው ሰው ሌላ ሥራ ገብቷል፤ በጊዜው ያስኬድ ነበር። ኤኤምዲ ኤምፒኤክስን ስላልሠራ እሱ ጋር ኬ0 የሚጀምረው ከ832 ነው። አዲሱ ከርነል ግን ስካይሌክ ላይም ቢሆን እነዚያን ቢቶች አያበራም፣ ክፍተቱ ግን ቦታው ላይ አለ። ስለዚህ ቢቶቹን ማየት ትተን የክፍሉን ጠቅላላ መጠን ማየት ጀመርን፤ ሙሉው ሲሆን ኢንቴል ጋር 2696 ባይት፣ ኤኤምዲ ጋር 2440። በ464ኛው ባይት ላይ የሚቀመጠው የኤክስሲአር0 (የበሩትን ክፍሎች የሚመዘግበው ሬጅስተር) ቅጂ ደግሞ የትኞቹ ክፍሎች እንደበሩ ይነግረናል። ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ የሚወስን ፈንክሽን ጻፍኩ፤ ቴስቱን ልጁ እየጻፈ ነው።

የኢንቴሉ ቴስት አልፏል። ለኤኤምዲው ኮር ፋይል የለንም። አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ዜን 4 የተባለ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን አለው፤ ሰኞ እልክላችኋለሁ ብሏል፣ መብራት ካለ።