ጋቢ ለብሶ ኔቡላ ማየት

እውነቱን ልናገር፣ ቴሌስኮፕ የገዛሁት የኔቡላ (በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ አታሎኝ ነው። ሐምራዊና ሰማያዊ ደመና፣ መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቁ ከዋክብት፣ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁት ኔቡላ ግን መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት የሚቀረውን እንፋሎት ነበር የሚመስለው። ግራጫ። እሱም ቢሆን «አየሁት ወይስ መሰለኝ?» እያስባለ።

ቴሌስኮፔ ትንሽ ነው። የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ (መስታወቱ ብርሃኑን አንድ ቦታ የሚሰበስብበት ርቀት) 650። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። አብረውት 25 እና 10 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት አይፒሶች፣ ዓይን የሚጠጋባቸው ትንንሽ ሌንሶች፣ ነበሩ። እኔ ግን አልበቃኝም፣ 4 ሚሊሜትር ጨመርኩ። ሂሳቡ ቀላል ነዋ! 650 ለ25 ሲካፈል 26 ጊዜ ያጎላል፣ ለ4 ሲካፈል ግን ከ160 ጊዜ በላይ። 26ን ማን ይመርጣል?

ጨረቃ ላይ 4ቱ ያምራል። ኔቡላ ላይ ግን ጥቁር ነው፣ በቃ። አንዷን ጭልፋ ወጥ መሶብ ሙሉ እንጀራ ላይ አዳርስ እንደማለት ነው፤ ብርሃኑ ያው ነው፣ የሚለጠፍበት ቦታ ሲሰፋ ይሳሳል። የኔ ቴሌስኮፕ ኤፍ 5 ስለሆነ (650 ለ130 ሲካፈል 5) የአይፒሱን ቁጥር ለ5 ሳካፍል ወደ ዓይኔ የሚገባው የብርሃን ዘለላ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ አውቃለሁ። በ25ቱ 5 ሚሊሜትር፣ በ4ቱ 0.8 ብቻ። ለደብዛዛ ነገር ወፍራሙ ነው የሚሻለው። ይህን ሳውቅ ብሩ ሄዷል።

ሁለተኛው ኪሳራዬ አይፒሱ ላይ የሚጠመድ የብርሃን ማጣሪያ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የኔቡላ ፊልተር» ብሎ የሸጠልኝ ሰው የላከው ተራ አረንጓዴ መስታወት ነበር። አሁን በአንድ እይታ እለየዋለሁ፤ እውነተኛው ዘንበል ተደርጎ ሲታይ ፊት እንደሚታይበት መስታወት ያንጸባርቃል፣ ምክንያቱም የማይፈልገውን ብርሃን በላዩ በተቀቡት ስስ ንብርብሮች ነው የሚመልሰው። ሌላ ጊዜ የደረሰኝ «ኦ ሦስት» የሚባለው ነው። ከኦክስጅን የሚመጡ ሁለት የብርሃን መስመሮችን፣ ማለትም የሞገድ ርዝመታቸው 495.9 እና 500.7 ናኖሜትር የሆኑ ሁለት ነጠላ ቀለሞችን፣ ያሳልፋል፤ ሌላውን ከሞላ ጎደል ይዘጋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሃጊንስ በ1864 እነዚህን አረንጓዴ መስመሮች ሲያይ ምድር ላይ የማያውቃቸው ስለነበሩ አዲስ ንጥረ ነገር ተገኘ ተብሎ «ኔቡሊየም» የሚል ስም ወጣለት። በ1927 የፊዚክስ ሊቁ አይራ ቦወን ነገሩ የምንተነፍሰው ኦክስጅን፣ ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ በጣም በሳሳ ጋዝ ውስጥ ያለ፣ መሆኑን አሳየ።

ማጣሪያ ግን ኔቡላውን አያበራም። ሰማዩን ነው የሚያጠቁረው። ይህ ያልገባው ሰው ገዝቶ ይናደዳል። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ ብትገጥሙት እሷንም ያደበዝዛታል፤ የከዋክብት ብርሃን ሁሉንም ቀለም ስለያዘ አብሮ ይቆረጣል። አንድ ብቻ የሚገዛ ቢጠይቀኝ ዩኤችሲ የሚባለውን እለዋለሁ፣ ሃይድሮጅን ቤታንም (ከሃይድሮጅን ጋዝ የሚመጣውን አንድ መስመር) ስለሚያሳልፍ ለብዙ ነገር ይሆናል፣ በትንሽ ቴሌስኮፕም ከዋክብቱን ያን ያህል አይገድላቸውም።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ጥቅምት መጨረሻ ነበር፣ ጨረቃ የለችም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የፈለግኩት ቬይል ኔቡላን ነበር። ቬይል ዓይነ ርግብ ማለት ነው፣ ሙሽራ ፊቷ ላይ የምትጥለው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል በ1784 ነው ያገኘው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዘንበል ብሎ ገና ከፍ ያለ ነበር።

የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ዓይኔ ጨለማ እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ልክ ሲለምድልኝ የአጎቴ ሚስት ሻይ ይዘው በሩን ከፈቱ። የበረንዳው አምፖል ፊቴ ላይ! እንደገና ሃያ ደቂቃ። ምን ይባላል፣ ሻዩ ጥሩ ነበር።

ያለማጣሪያ 52 ሲግኒ የሚባለውን፣ የቬይል አንዱ ወገን የሚያልፍበትን ኮከብ አገኘሁ። አጠገቡ ምንም የለም። ማጣሪያውን 25ቱ አይፒስ ታች አጠመድኩና ጋቢዬን ከነአይፒሱ ራሴ ላይ ጣልኩት። እዚህ ላይ ጋቢን የሚያህል ዕቃ የለም፣ የጎን ብርሃን ድርግም ይላል። ችግሩ ትንፋሽ ነው፤ አይፒሱ ጉም ለበሰብኝ፣ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ አሞቅኩት። ከዚያ በጎሪጥ ማየት። ፊት ለፊት ካፈጠጣችሁበት ይጠፋል፤ ደብዛዛ ብርሃን የሚይዙት የዓይናችን ሴሎች መሃል ላይ አይደሉም። ቱቦውን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀጭን ክር። በኮከቡ በኩል ያልፋል፣ አንዱ ጫፉ ሹል፣ ሌላው ተበትኗል። ቴሌስኮፑን ወደ ምሥራቅ ገፋ ሳደርገው ሌላኛው ወገን መጣ፣ ይህኛው ሰፋ ያለና ጎበጥ ያለ ነው። ግራጫ ነው፣ አዎ። ግን አለ።

«ጋሼ፣ ይምጡ» አልኩ። መጡ፣ ጋቢውን ተከናነቡ፣ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ።

«ከጎጆ ላይ የሚወጣ ጭስ ይመስላል» አሉ። «ይሄን ለማየት ነው አዲስ አበባን ጥለህ የመጣኸው?»

አዎ፣ ይሄን ለማየት ነው። አዲስ አበባ ሆኜም ሞክሬ ነበር፤ የድሮዎቹን ብርቱካንማ የሶዲየም መብራቶች ማጣሪያው በደንብ ይቆርጣቸዋል፣ አዲሶቹ ነጭ ኤልኢዲዎች ግን ሁሉንም ቀለም ስለሚረጩ የተወሰነው ሾልኮ ይገባል።

ለሚያዝያ ካሪና ኔቡላን ይዣለሁ። ከለንደን በጭራሽ አትወጣም፣ ለእኛ ግን በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፤ ደማቅ ስለሆነች ያለማጣሪያም ትታያለች፣ የበልግ ደመና ካልከለከለን። ያለው ችግር በዚያው በደቡብ በኩል ጎረቤት አጥራቸው ላይ አዲስ ኤልኢዲ ሰቅለዋል። አጎቴ አነጋግራቸዋለሁ ብለዋል።