የጎማዬ ሴንሰር አልተበላሸም ነበር

በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ለአራቱም ጎማዎች 33 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ይላል። ዳሽቦርዱ ደግሞ በየጎማው ካለው የግፊት ሴንሰር ተቀብሎ አንዱን 29 ሌላውን 30 ያሳየኝ ነበር። ጎማ ቤት ሄጄ ዳሽቦርዱ 33 እስኪል አስሞላሁ። አዛውንቱ ጎሚስታ ጎማውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው «ልጄ፣ በዝቶበታል» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው በኮብልስቶን ላይ እየነጠረ አስቸገረኝ።

ደህና የእጅ መለኪያ ገዛሁ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይነካው ለካሁ፤ መለኪያው 36 ተኩል፣ ዳሽቦርዱ 33። አራቱም ጎማዎች ላይ ልዩነቱ ያው ነው። አራት ሴንሰሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ ሊበላሹ አይችሉም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በቸርኬው ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ተነሥቶ የጎማውን ጠቅላላ ግፊት ነው። የእጅ መለኪያ ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። አንዳንድ መኪኖች ሁለቱን ለማስታረቅ ከሴንሰሩ ቁጥር ላይ የባሕር ጠለልን የአየር ግፊት፣ 14.7 ፒኤስአይ፣ ይቀንሳሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን የውጭው ግፊት 11.2 አካባቢ ነው። የጠፋው 3.5 ፒኤስአይ ይኸው ነው!

አዋሽ ወርጄ ባደርኩ ጊዜ አረጋገጥሁት። እዚያ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት መለኪያዬ 32 ተኩል፣ ዳሽቦርዱ 31 አሉ። ልዩነቱ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ቀደም ሲል መኪናው ውስጥ ያለውን የጎማ ግፊት ማስተካከያ ቁልፍ ደጋግሜ ተጭኜ ነበር። ብዙዎች እንደሚያስቡት ሴንሰሩን የሚያርም መስሎኝ ነው። ቁልፉ በዚያ ሰዓት ያለውን ግፊት እንደ መነሻ ይይዛል እንጂ ሴንሰሩን አይነካም፤ ጎማው ተርፎት ወይም ጎድሎት ሳለ ከተጫኑት ስሕተቱን ትክክል ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ጎማ፣ በእጅ መለኪያ ልክ መሙላት ያስፈልጋል። ከጉዞ የመጣ ጎማ በሙቀት ብቻ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይጨምራልና ያን ጊዜ አየር ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው።

የጎማ ግፊት ማስጠንቀቂያው መብራት አለመብራቱም አያዘናጋኝም። የአሜሪካ ሕግ ማስጠንቀቂያው እንዲበራ የሚያስገድደው ግፊቱ ከተጻፈው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ ለእኔ ጎማ 25 ፒኤስአይ አካባቢ መሆኑ ነው። ልጆች ጭኖ ለሚሄድ ሰው ያ በጣም ዘግይቷል። አሁን ዳሽቦርዱ ላይ የማየው አንዱ ጎማ ከሦስቱ መለየቱን ነው፤ በዚህ ረገድ አሳስቶኝ አያውቅም። በበሩ መቃን ላይ፣ ከ33 ጎን፣ ባለቤቴም እንድታየው፣ ዳሽቦርዱ እዚህ ሊያሳይ የሚገባውን ቁጥር፣ «አዲስ አበባ 30» ብዬ ለጥፌአለሁ።