ሦስት ቢያጆ

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለው ግቢያችን፣ የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ከለበሰ ወዲህ ከመንገዱ በታች ስለቀረ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የአካባቢውን ጎርፍ የምንቀበለው እኛ ሆነናል። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ያየ ድሬዳዋዊ ደግሞ ውሃን አይንቅም። ስለዚህ ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ግቢውን በገረጋንቲ፣ ማለትም ለሙሌት በሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ ለመሙላት ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ስሌቴ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ርዝመቱ 11 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር፣ በበሩ በኩል የለካሁት ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር ስለነበር፣ ሳባዛው 44 ሜትር ኪዩብ መጣ። ሲኖትራክ 16 ሜትር ኪዩብ ይጭናል ስለሚባል ሦስት ቢያጆ፣ ማለትም ሦስት ምልልስ ጭነት፣ ይበቃል ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ።

ግንበኛው ቁጥሬን ሲያይ ሳቀ። «አቦ፣ ግቢሽ ገንዳ መሰለሽ?» አለኝ። (በእኛ ከተማ አንቱታ እምብዛም ስለሌለ ሽበቴ አላዳነኝም።) ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ልኩን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አሻግረን፣ ሲባጎውን ወደ ቦዩ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርገን ከወጠርን በኋላ፣ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለውን ጥልቀት በዘጠኝ ቦታ ለካን። በበሩ ጥግ 50 የነበረው ኩሽናው አጠገብ 8 ብቻ ሆነ። የዘጠኙ ድምር 288 ስለነበር አማካዩ 32 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሙሌቱም 28.16 ሜትር ኪዩብ መሆኑ ነው። የአንድ ቢያጆ ዋጋ ተረፈልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙም አልቆየም። ግንበኛው ከጎረቤት ግንባታ ገረጋንቲ በባልዲ አምጥቶ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከሞላው በኋላ፣ ውሃ አርከፍክፎ በእንጨት ይጠቀጥቀው ጀመር። እያንዳንዱ ምት አፈሩን ወደ ታች እየዋጠው ሄደ፤ አልወርድም ባለ ጊዜ ስንለካው 24 ላይ ቆሟል። ሠላሳን ለሃያ አራት ሳካፍል 1.25 ሆነ፤ ይህም ማለት ተጠቅጥቆ 28.16 የሚሆን ሙሌት ከመኪና ሲራገፍ 35.2 ሜትር ኪዩብ መሆን አለበት ማለት ነው።

መኪናው ሲመጣ እኔም ጠርጣራ ሆኜ ስለነበር ሜትር ይዤ ወጣሁ። የጭነቱ ርዝመት 5.6፣ ስፋቱ 2.3፣ የአፈሩ ከፍታ 1.1 ሜትር ነበርና አስራ ስድስት የተባለው 14.17 ብቻ ሆነ። ሾፌሩ አልተቆጣም፤ እንዲህ የሚለካ ደንበኛ ግን አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሁለት ቢያጆ ከ28 ብዙም ስለማያልፍ ሦስተኛው ግድ ሆነ።

ስለዚህ ያ ችኩል ስሌቴ ያለው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ጥልቀቱን ማጋነኔ እና የአፈሩን መጠቅጠቅ መርሳቴ እርስ በርስ ተጣፍተው ስሕተቴን ሸፈኑልኝ እንጂ፣ አንዱን ብቻ አርሜ ቢሆን ኖሮ ወይ በአራት ቢያጆ ከስሬ ነበር፣ ወይ በሁለት ጎድሎብኝ ነበር።

አሁን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ ውሃ እየጠጣ በመጠቅጠቅ ላይ ነው። የሚተርፈውን ሰባት ሜትር ኪዩብ ያህል ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ለበሯ ወስዳ የሦስተኛውን ቢያጆ ዋጋ ግማሽ ልትከፍል ተስማምተናል፤ ቱቦውንም ሲባጎውንም ዛሬ ማታ ወስዳለች።